«ጊዲ» የሚለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩበት ቀን

ረዥም ነው፣ ቀድሜ ልንገራችሁ። ዳታ የምትቆጥቡ እለፉት። ፎቶም ቪዲዮም የለውም።

ከአንድ ወር በፊት አንዲት ተማሪዬን ሰድቤያታለሁ። በአፌ አይደለም፣ በቀይ እስክሪብቶ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች «የእኔ ጠዋት» በሚል ርእስ አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። ማታ መብራት ሄዶብኝ በሞባይል ባትሪ እያየሁ ነው ያረምኩት (ይኼን እንደ ሰበብ ቁጠሩልኝ)። የልጅቷ ጽሑፍ ጥሩ ነበር። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሣቷን፣ ውኃ መቅዳቷን፣ ታናናሾቿን ማልበሷን፣ እናቷ ለሥራ ቀድማት እንደምትወጣ ጽፋለች። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር መጣ፦ «አይ ፊል ጊዲ ኢን ዘ ሰርድ ፒሬድ።» አሰመርኩበት። ከጎኑ ደግሞ «ዶንት ቢ ጊዲ፣ ቢ ሲሪየስ!» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥር አምስት።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። እኔ የገባኝ «በአንተ ክፍለ ጊዜ መቀበጥ ያምረኛል» ያለችኝ ሆኖ ነው። ትንሽም ከፋኝ፣ አልዋሽም።

ከአሥር ቀን በኋላ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማው ሳይወጣ፣ ዘጭ ብላ ወደቀች። ያኔ መምህራኑ ምን እንዳልን ልንገራችሁ። አንዱ «ፋሽን ሆኗል፣ አንዷ ስትወድቅ ሁሉም ይወድቃሉ» አለ። ሌላዋ «ፈተና ሲደርስ ነው የሚያማቸው፣ ቅብጠት ነው» አለች። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰፍሮባት ይሆናል፣ ቤተሰቧ ይጠሩና ጸበል ይውሰዷት» አለ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ዝም ያልኩት ግን ስለተስማማሁ ነው። ከሁላችንም ቀድመው ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት የጊቢው ዘበኛ ናቸው። ደገፍ አድርገው ካስቀመጧት በኋላ፣ «ልጄ፣ ቁርስ በልተሻል?» አሏት።

አልበላችም። የዚያን ቀን ብቻ ሳይሆን አብዛኛውን ቀን አትበላም። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ ደም ማነስም አለባት ተባለ። ከእሷም ከእናቷም ፈቃድ ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ስሟንም ትምህርት ቤቱንም አልናገርም፣ የምታውቁም ኮመንት ላይ እንዳትጽፉ አደራ።

ማታ ቤት ገብቼ የትምህርት ቤታችንን ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ ብዬ ስለማምን አይቼው አላውቅም ነበር። «ጊዲ» አንደኛ ትርጉሙ ራሱን የሚያዞረው፣ ሊወድቅ ሊወድቅ የሚለው ነው። ክልፍልፍ፣ ቀልበ ቢስ፣ ቁም ነገር የሌለው የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ልጅቷ ከመዝገበ ቃላት ፈልጋ፣ በማትኖርበት ቋንቋ፣ በትክክል «ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ያዞረኛል» ብላ ነግራኛለች። ስህተቱ የእኔ ነበር። ከአሥር አምስት ማግኘት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ይኼን ነገር ሻይ ላይ ሳነሣው ነው ክርክሩ የተጀመረው፣ ይኼም ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው። ባልደረቦቼ ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛው፣ «ጊዲ ማለት ቅብጥ ነው፣ ለኢንትራንስ በሚዘጋጁት የቃላት ዝርዝር ላይ እንደዚያ ነው ያለው፣ አታወሳስብ።» ሁለተኛው፣ «ቢሆንስ? የዛሬ ልጆች መቼ ቁም ነገር አላቸው?» በኢንቦክስ ደግሞ አንድ ሰው «በዲፕሎማህ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ልትሆን ነው እንዴ?» ብሎኛል። አዎ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፣ ከግድግዳዬ ላይ አላወረድኩትም። መዝገበ ቃላት ለመግለጥ ግን ዲግሪ አይጠየቅም።

ከዝርዝሩ ልጀምር። በቴሌግራም የሚዞሩትን ታውቋቸዋላችሁ። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ቃል፣ መሐል ላይ የእኩል ምልክት። ልጆቹ በዚህ ለምን እንደሚሸመድዱ ይገባኛል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ጊቢ ከተዛወረ በኋላ በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፣ አልፈርድበትም። የምፈርደው በእኛ ላይ ነው። ልጁ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማርና ዘጠነኛ ሲገባ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በዚያ ላይ እኛ መምህራን ቃልን እንደ ሚስማር አንድ ጫፍ ብቻ ያለው አድርገን እንሰጠዋለን። የራሳችን «ዞረ» የሚለው ቃል ስንት እንደሆነ ቁጠሩ እስቲ። ታክሲው ዞረ። ልጁ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። ራሴን አዞረኝ። ነገሩ ዞረበት። ከጓደኛው ላይ ፊቱን አዞረ። አንድ ፈረንጅ «ዞረ» እኩል ይሆናል «ተርን» ብሎ ብቻ ሸምድዶ ቢመጣና «ራሴን አዞረኝ» ስትሉት መሪ እንደያዛችሁ ቢቆጥረው ምን ትሉታላችሁ? እኔ በልጅቷ ላይ ያደረግኩት ይኼንኑ ነው።

እንግሊዞቹ ራሳቸው ቃሉን እንዴት ወደዚህ እንዳመጡት ሳይ ደግሞ ይባስ ገረመኝ። የቃል ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት የዱሮው እንግሊዝኛ «ጊዲግ» ማለት መንፈስ የሰፈረበት፣ ያበደ ማለት ነበር። ሥሩ «ጎድ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። መጀመሪያ ሰፈረበት ነበር፣ ከዚያ አበደ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሁለቱ የዛሬ ትርጉሞች ብቅ አሉ፣ ራስ ማዞሩም ክልፍልፍነቱም። «ዲዚ» የሚለው ዘመዱም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ ሞኝ ነበር፣ ራስ ማዞር የሆነው ኋላ ነው። (የሚገርመው «ሲሊ» የሚሉት ቂል ደግሞ ዱሮ የተባረከ ማለት ነበር። ይኼኛውን ለሌላ ቀን ላቆየው፣ አለዚያ አናልቅም።) እንግዲህ እንግሊዝ አገር ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው ሲንገዳገድ ያየው ጎረቤት መጀመሪያ የጠረጠረው መንፈስን ነው፣ ቀጥሎ ቂልነትን ነው። ሁለቱም ጥርጣሬ ቃሉ ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀብሮ ይኖራል።

አሁን «እነሱ እንዲህ ናቸው» ብላችሁ እንዳትስቁ። የምትስቅና የምትፈነድቅ ልጅ ስናይ ምንድን ነው የምንለው? «ምን ሰፍሮብሽ ነው?» ነው የምንለው። ትኩረት የሌለውን ሰው «ቀልብ የለውም» እንላለን፤ የደነገጠውንና ያመመውን «ቀልቡ ተገፈፈ» እንላለን፣ የሚገፈውም ጋኔን ነው ይባላል። አንዱ ቀልብ ለበሽተኛውም ለቧልተኛውም ያገለግላል ማለት ነው። ሰልፉ ላይ ልጅቷ ስትወድቅ አንዱ መምህር «ቅብጠት» ሌላው «ሰፍሮባት» ያለው ከራሱ ፈልስፎ አይደለም፣ ቋንቋው ያቀበለውን ነው ያነሣው። የእንግሊዝኛው ቃል አንድ ሺህ ዓመት የሄደበትን መንገድ የእኛ ስታፍ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጨረሰው።

ቋንቋ እንዲህ መሆኑ ኃጢአት አይደለም፣ የሰው ልጅ ያየውን በሚያውቀው ነገር ይሰይማል። መምህር ግን ደመወዝ የሚከፈለው ከመጀመሪያው ግምት አንድ እርምጃ አልፎ እንዲያይ ነው።

ስለ በግ ላውራችሁ፣ ከነገሩ አልወጣሁም። እንግሊዞች ከዚሁ «ጊዲ» ከሚለው ቃል ቆርጠው «ጊድ» የሚሉት የበግ በሽታ አላቸው። የገጠር ልጆች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ እኛ አዙሪት የምንለው ነው። በጉ በአንድ አቅጣጫ እየዞረ ይሽከረከራል፣ አንገቱን ያጣምማል፣ ከመንጋው ይለያል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። ሱሉልታ አያቴ ቤት ልጅ ሆኜ ያየሁት ትዝ ይለኛል፤ እኛ ልጆቹ «ሰከረ» እያልን ስንስቅበት ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት አድጌ ነው። ውሻ ሆድ ውስጥ የሚኖር ኮሶ ትል አለ። እንቁላሉ ከውሻው ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ይቀራል፣ በጉ ሣሩን ይግጣል፣ እጩ ትሉ ወደ በጉ አንጎል ሄዶ ውኃ እንደያዘ ከረጢት ሆኖ ያድጋል። የሚያዞረው ያ ነው። በጉ ሲታረድ ጭንቅላቱን ለውሻ እንወረውራለን፣ ውሻው ትሉን መልሶ ይበላዋል፣ ነገሩ እንደገና ይጀምራል። መፍትሔው ጭንቅላቱን በጥሬው ለውሻ አለመስጠት፣ ለውሻው የትል መድኃኒት መስጠት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ በጉን «ቀበጠ» ብሎ በዱላ ያቃናው ሰው የለም። ገበሬው ያመመው መሆኑን ያውቃል። ለበግ ያላነሰውን ማስተዋል ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንዴት ነፈግናት?

ሱሉልታን ካነሣሁ አይቀር። ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ነው አትሌቶች የሚመርጧት። ቀነኒሳ መሮጫ ትራክ የሠራው እዚያ ነው፣ ሞ ፋራህም ከእንግሊዝ መጥቶ እዚያ ሠልጥኗል። ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሯጭ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሱን ቢያዞረው ምን ይባላል? «ከፍታው ነው፣ ይረፍ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ቀስ ብሎ ይልመድ» ይባላል። ትክክል ነው። ዶክተር አለው፣ አሠልጣኝ አለው። እዚያው መንገድ ዳር፣ ባዶ ሆዷን አራት ኪሎ ሜትር በእግሯ መጥታ ክፍል የገባች ልጅ ራሷን ሲያዞራትስ? «የዛሬ ልጆች!» ማዞሩ አንድ ነው። የሚለየው የማን ራስ ነው የዞረው የሚለው ነው።

ቡራዩ የሚያስተምር ጓደኛዬ ይኼን ስነግረው «እኛ ጋም እንዲሁ ነው፣ የጠዋት ፈረቃ ላይ ነው የሚብሰው» አለኝ። የሦስቱን ከተሞች ኑሮ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እናቶች ለፋብሪካ ሰርቪስ ወይም ለአበባ እርሻ ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። ልጅቷ የቤቱ ትልቅ ሰው ትሆናለች። ዳቦ ካለ ለታናናሾቹ ይከፈላል፣ ለእሷ ሻይ ይቀራል። ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳያገኝ ያደናቅፋል፣ በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ ደግሞ በየወሩ ደም ስለምታጣ ብረት የሚያስፈልጋት ከወንዱ የበለጠ ነው። ይኼን የባዮሎጂ መምህራችን እዚያው ሻይ ላይ፣ እሱም ሻይ እየጠጣ ነገረኝ። ቅብጠት ያልነው ነገር ስሌቱ ይኼ ነው።

«ጾም ይሆናል እንጂ ረኀብ አይደለም» ያሉኝም አሉ። የሚጾሙ አሉ፣ ሁለቱም ሃይማኖት ውስጥ አሉ፣ አከብራለሁ፣ እኔም እጾማለሁ። ጾመኛ ግን መቼ እንደሚያፈጥር ያውቃል።

ሌላ የማልክደው ነገር፦ እያወቁ የሚያስመስሉ ልጆች አሉ። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ የሒሳብ ፈተና ቀን ሆዳቸውን የሚይዙትን አውቃቸዋለሁ (አንዳንዶቻችሁ ይኼን እያነበባችሁ ነው፣ ስም አልጠራም)። ግን ሒሳቡን እንሥራ። አስመሳዩን አምኜ ሻይ በስኳር ባጠጣው አንድ ብርጭቆ ሻይ ከሰርኩ። ያመማትን አስመሳይ ብያት ድንጋይ ላይ ብትወድቅስ?

እውነተኛው መቀበጥና መዞር የሚገናኙበት ቦታ የለም ወይ? አለ። ሕፃናት ሜዳ ላይ እጃቸውን ዘርግተው እስኪወድቁ ሲሽከረከሩ ተመልከቱ። በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ቀለበት መሳይ ቱቦዎች አሉ፤ ልጁ ሲቆም ፈሳሹ ገና አልቆመም፣ ስለዚህ ዓለም ትዞርበታለች፣ እሱም ይስቃል። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ጊዲ» የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚሉት በደስታ ራስን ለመሳትም ነው፣ ይኼ ሦስተኛው ትርጉም ነው፣ ክፋትም የለውም። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ሲድኒ ላይ ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው ሰፈራችን ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሠላሳ ሰው። አባቴ፣ በሕይወቱ ሲዘል አይቼው የማላውቀው አባቴ፣ ጎረቤት አቅፎ ሲሽከረከር አይቻለሁ። ያ ቀን ሁላችንም ጊዲ ነበርን። ማንም «ሲሪየስ ሁን» አላለውም።

ልዩነቱ ይኼው ነው። ያኛው ጠግቦ የዞረ ነው፣ ይቺኛዋ ሳትበላ የዞረች ናት። ቃሉ አንድ ስለሆነ ሰዎቹ አንድ አይሆኑም። መምህር ሁለቱን የሚለይበት መንገድ ደግሞ ቀላል ነው፣ መጠየቅ ብቻ ነው፤ ዘበኛው እንዳደረጉት።

አሁን ወደሚያጣላን ነገር ልግባ። አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላይ የተማሪዎች ምገባ ሲጀመር ብዙዎቻችን «ልመና ማስለመድ ነው» ብለን አሹፈን ነበር። እኔም ውስጡ አለሁበት። አሁን ተሳስቼ እንደነበር እላለሁ። ምገባው ግን የታሰበው ለታናናሾቹ፣ ለቅድመ መደበኛና ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሆድ ራሱን የቻለ ይመስል። እኔ ዛሬ በጀት ይመደብ ብዬ የምጮህበት ሥልጣን የለኝም፣ ይመደብ ማለቴ ግን አይቀርም። እስከዚያው በትምህርት ቤት ደረጃ የሚቻል ነገር አለ። የጠዋት ሰልፉ ላይ ንግግር ሃያ ደቂቃ ከሚረዝም አምስት ደቂቃ ይሁን፤ ልጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ ለዚህ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። «ራሴን ያዞረኛል» ያለ ልጅ ቁጭ ይበል፣ ከዚያ ይጠየቅ። የወደቀ ልጅ ቅጣት መዝገብ ላይ አይጻፍ። አዎ፣ ተጽፎ ያውቃል። «ሰልፍ በማወክ» ተብሎ።

ሴት ልጅ መሆኗም ዝም ተብሎ አይታለፍም። ወንድ ሲወድቅ «ምን ሆነ?» ብለን እንሮጣለን፣ ሴት ስትወድቅ «ምን ሆነች ደግሞ!» እንላለን። ያቺን «ደግሞ» አስተውሉልኝ። እንግሊዞቹም ቃሉን ሲሰድቡበት አብዝተው የለጠፉት በወጣት ሴቶች ላይ ነው። ይኼ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ አይደለም፣ እኛም ራሳችንን ችለን ደርሰንበታል።

ደብተሯን መልሼ ጠይቄያት አመጣችው። ቀዩን ጽሑፍ ሰርዤ ውጤቱን ዘጠኝ አደረግኩት። አሥር ያልሰጠኋት አንድ የ«ኤስ» ስህተት ስላለባት ነው፣ ይኼን እንኳ አልለቅም። «ይቅርታ» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩበት። አንብባ ሳቀች፣ ከዚያ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ተቆጥተህብኝ ነው ብዬ በሚቀጥለው ጽሑፍ ላይ ስለ ማዞሩ ትቼዋለሁ» አለችኝ። ይኼ አረፍተ ነገር ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል። አንድ ልጅ አመመኝ ብላ በጽሑፍ ነገረችኝ፣ እኔ ደግሞ ዝም እንድትል አስተማርኳት።

የቃላት ዝርዝር የምታዘጋጁ ልጆች፣ ከእናንተ ውስጥ የእኔ ተማሪዎች የነበሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ዝርዝሩን ጣሉት አላልኩም። «ጊዲ» የሚለው ጎን ላይ «ራሱን የሚያዞረው» የሚለውን አስቀድማችሁ ጨምሩበት፣ ከዚያ ሼር አድርጉት።

ባልደረቦቼ፣ ሰኞ የመምህራን ስብሰባ አለን። የሰልፉን ሰዓትና የቁርሱን ጉዳይ አጀንዳ እንዲያዝልኝ ጠይቄያለሁ። ካልተያዘልኝ «ልዩ ልዩ» ላይ አነሣዋለሁ። ዘበኛውንም ጋብዣቸዋለሁ።